የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ከአነባበባቸው እስከ ትርጉማቸው



የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን፣ ማለትም በመማሪያ መጻሕፍት፣ በውልና በደብዳቤ ላይ የሚያጋጥሙንን፣ ከነድምፃቸውና ከነትርጉማቸው እንዴት እንደምንይዛቸው እንነጋገራለን። «የመስጂድ ኢማምን ከእንግሊዝኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘን አንድ ደብዳቤ ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ልጃቸውን አስከትለው ወደኛ መጡ። ልጁ ውጭ አገር ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ ደብዳቤ ደርሶታል። አባትየው ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ልጁስ ገብቶኛል ይላል፤ ግን እርስዎ ኮሌጅ የተማሩ ስለሆኑ እርስዎ ቢያነቡልኝ ልቤ ያርፋል» አሉን።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ከላይ የደስታ መግለጫ አለበት። መሐል ላይ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ አንዱ «ፕሮቪዥናል»፣ ሌላው «ኮንቲንጀንት»። የመጀመሪያውን የምናውቀው መሰለን። ኮሌጅ ሳለን «ፕሮቪዥን» ማለት «ስንቅ፣ አቅርቦት» ነው ብለን በደብተራችን ጽፈን ሸምድደነዋል። ስለዚህ ለልጁ ቀለብና ማደሪያ ይቀርብለታል ማለት ነው አልን። ሁለተኛውን የምናውቀው ከዜና ነው፤ ለሰላም ማስከበር የሚላክ የጦር ክፍል «ኮንቲንጀንት» ሲባል ሰምተናል። ጦር ከኮሌጅ ደብዳቤ ጋር አልገጥም ሲለን ዘለልነው። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ልጁ ገብቷል» አልናቸው። በሳምንቱ በግ ታርዶ ጎረቤት ተጠራ። ዱዓውን ያደረግነውም እኛው ነን።

የደብዳቤው መልእክት ግን ሌላ ነበር። ቅበላው ጊዜያዊ ነው፤ የሚጸናውም የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና የታሸገ የትምህርት ማስረጃ እስከ ተወሰነው ቀን ከደረሰን ነው ይል ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። ልጁ ምንም አልተናገረንም። አባትየው «የአላህ ቀደር ነው ኡስታዝ» ብለው ትከሻችንን መታ መታ አደረጉን። ቀደር መሆኑን እናምናለን፤ ደብዳቤውን ያነበብነው ግን እኛ ነበርን።

እነዚህን ቃላት አናውቃቸውም ነበር ማለት ይከብዳል። ሁለቱም አጋጥመውን ያውቃሉ፤ አንዱ እንዲያውም በደብተራችን ሰፍሯል። ችግሩ አያያዛችን ላይ ነው። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍለን፣ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ እየጻፍን ስንሸመድድ ነበር። ቃሉን ከማንም አፍ አልሰማነውም፤ ዘመዶቹን አላወቅንም፤ ከማን ጋር እንደሚውልም አላየንም። የሚገርመው በልጅነታችን በመድረሳ ዐረብኛን የተማርነው እንዲህ አልነበረም። ኡስታዛችን ፊደሉን ከአፋቸው ወደ አፋችን ያቀብሉን ነበር፤ ከዚያ ሉሕ ላይ እንጽፋለን፤ ሰርፍ ስንደርስ ቃሉን ከነቤተሰቡ ያስቆጥሩናል፤ የትናንቱን ሳንደግም አዲስ አይሰጡንም ነበር። ይህ ሁሉ አያያዝ ለኪታብ ብቻ የተሠራ ይመስል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ በር ላይ ጥለነው ገባን። ዛሬ የምናሳስባችሁ ይኸው ነው፤ የጣልነውን እናንሳው።

በነገራችን ላይ የውጭ ቋንቋ ለዲን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሑፍ በግማሽ ወር ገደማ መማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ምክንያቱም ደብዳቤ ነበር፤ የሚመጣውን እንዲያነቡ፣ የሚሄደውንም እንዲጽፉ ነው የታዘዙት።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በቋንቋ ላይ ማላከክ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ያልገባችው ልጅ፣ ትምህርቱን እያወቀው መልሱን ይስታል። ይህን ቤታችሁ ያሉትን ልጆች ጠይቃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ከፍ ያለ ቃል ስንል ታዲያ የትኛውን ነው? አንዳንድ ወጣቶች ማንም የማያውቀውን ረጅም ቃል ፈልገው ጓደኛ ማስደመም ይወዳሉ። በየመንገዱ የሚሸጡ «ከባድ ቃላት» የሚሉ ቀጫጭን መጻሕፍትም አሉ። እኛ ለእነዚህ ገንዘብ ባታወጡ እንመርጣለን። የሚጠቅመው በየመጽሐፉ እየተመላለሰ የሚመጣው ነው። ማይክል ዌስት የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ለጀማሪ የሚያስፈልጉ 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላትን ለይቶ አሳትሟል። ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ ደግሞ አቨርል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ሌላ ዝርዝር አወጣች። በሕግ፣ በንግድ፣ በሳይንስና በሥነ ጥበብ ትምህርቶች በጋራ የሚመላለሱ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ይዟል። እነዚህ ብቻ በኮሌጅ መጻሕፍት ውስጥ ካለው ከእያንዳንዱ 100 ቃል 10 ያህሉን ይሸፍናሉ። በቀን አምስት አምስት ብንይዝ 114 ቀን ይበቃናል፤ አራት ወር እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፣ መጽሐፍን ያለ መዝገበ ቃላት እንደ ልብ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ ፖል ኔሽን የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይቷል። እሱ የዓመታት ሥራ ነው፤ 570ዎቹ ግን በአንድ ክረምትና በአንድ መንፈቅ መካከል የሚያልቁ ናቸው።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። በሬዲዮ የእንግሊዝኛውን ፊደል ልናሳያችሁ አንችልም። ይህንን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ስናዘጋጅም ቃላቱን ሆን ብለን በራሳችን ፊደል አሰፈርናቸው። መጀመሪያ ጆሯችሁ ይቀበላቸው፤ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት ፈልጋችሁ ደብተራችሁ ላይ ራሳችሁ አስፍሩት። የሚፈለግ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ፊደሉን ያስቀደመ ሰው እንግሊዝኛ ያታልለዋል። «ደት» ማለት ዕዳ ነው፤ ሲጻፍ ግን መሐሉ «ቢ» የምትባል ፊደል አለች። «ዳውት» (ጥርጣሬ) እና «ሰተል» (ረቂቅ፣ በቀላሉ የማይታይ) የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። «ደት» እና «ዳውት» ከፈረንሳይኛ ሲመጡ «ቢ» አልነበራቸውም። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ቃላቱ በላቲን ከየት እንደመጡ ለማሳየት ብለው ፊደሏን አስገቧት፤ የሕዝቡ ምላስ ግን እምቢ አለ። ሌላም አለ። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ሲያስገባና አጻጻፉ እየረጋ ሲመጣ፣ የቋንቋው አናባቢዎች ገና በመለዋወጥ ላይ ነበሩ። ለዚህ ነው «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» የሚባሉት አራት ፊደላት በአንዱ ቃል «ተፍ» (ጠንካራ)፣ በሌላው «ኮፍ» (ሳል)፣ በሌላው ደግሞ «ባው» (የዛፍ ቅርንጫፍ) ሆነው የሚነበቡት። ልጃችሁ ተሳስቶ ቢያነብ አትሳቁበት፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኛም ኮሌጅ በገባንበት ዓመት በተማሪዎች ፊት «ዲተርማይን» ብለን ተስቆብናል። ትክክሉ «ዲ-ተር-ሚን» ነው፤ «ተር» ላይ ጫን ይባላል፤ ትርጉሙም መወሰን፣ ቁርጡን ማወቅ ነው።

ጫን ማለት የምንለውን ነገር እንግለጸው፤ አብዛኞቻችን የምንስተው እዚህ ነውና። በአማርኛ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮ ነው። በእንግሊዝኛም በፊደል የማይታይ ነገር አለ፤ እሱም ከቃሉ ክፍሎች አንዱን ከፍና ረዘም አድርጎ መጫን ነው። «ሬ-ኮርድ» ብለን መጀመሪያውን ከተጫንን መዝገብ፣ ማስረጃ ማለት ነው። «ሪ-ኮርድ» ብለን መጨረሻውን ከተጫንን መመዝገብ፣ መቅዳት ይሆናል። «ፕሬ-ዘንት» ስጦታ ወይም የአሁኑ ጊዜ ነው፤ «ፕሪ-ዘንት» ማቅረብ ነው። ሁሉንም ክፍል እኩል ብንረግጠው ሰሚው ይቸገራል፤ እኛም እነሱ ሲናገሩ አንሰማቸውም።

ያልተጫንነው ክፍል ደግሞ ይደክማል። ሲደክም የሚሰጠው ድምፅ በእንግሊዝኛ ከአናባቢዎች ሁሉ በብዛት የሚሰማው ነው። እሱን ለመያዝ ስንቱ የሌላ አገር ተማሪ ይቸገራል፤ ለኛ ግን ቤት ያፈራው ነው። «ለመደ» ስንል ሦስት ጊዜ የምናሰማት፣ የግዕዙ ድምፅ፣ «ኧ»፣ በጣም ትቀርበዋለች። ስለዚህ ያ ጉደኛ ቃላችን «ፕሮ-ቪ-ዥ-ናል» ሳይሆን «ፕረ-ቪ-ዠ-ነል» ነው፤ «ቪ» ላይ ይጫናል። ሌላውም «ከን-ቲን-ጀንት» ነው፤ «ቲን» ላይ።

ጫናው የት እንደሚውል በአብዛኛው ከመዝገበ ቃላት መያዝ ግድ ነው። ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ምልክት እንስጣችሁ። ቃሉ በ«ኢክ»፣ በ«ሽን» ወይም በ«ኢቲ» ሲያልቅ ጫናው ከዚያ ቅጥያ ወዲያው በፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። «ኢ-ኮ-ነ-ሚ» ሲል «ኮ»ን የተጫነው ሰው «ኢ-ከ-ኖ-ሚክ» ሲል ወደ «ኖ» ይዛወራል። «ፎ-ተ-ግራፍ» ፎቶው ነው፤ «ፈ-ቶ-ግረ-ፊ» ሙያው ነው፤ «ፎ-ተ-ግራ-ፊክ» ሲሆን ደግሞ «ግራ» ላይ ይወጣል። ከዚህ ደንብ ጥቂት ቃላት ያፈነግጣሉ። ከአፈንጋጮቹ አንዱ ማን እንደሆነ ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ «ኣ-ረ-ቢክ»፣ ዐረብኛ ራሱ ነው። መጀመሪያው ላይ ይጫናል።

የመድረሳ ልጆች በአንድ ነገር ከሌላው ተማሪ ይቀድማሉ። በእንግሊዝኛ «ማሰብ» እና «ይህ» የሚሉት ቃላት የሚጀምሩባቸውን ሁለት ድምፆች አማርኛ የለውም፤ ስለዚህ ብዙው ሰው «ሲንክ» እና «ዚስ» እያለ ያልፋል። መኽረጃቸውን ግን ቁርኣን የቀራ ልጅ ያውቀዋል። የምላስን ጫፍ ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ጠርዝ አስጠግቶ ትንፋሽ ማሳለፍ ነው። «አዑዙ ቢላህ» ስንል ያለችው ዛል የ«ይህ» መነሻ ናት፤ በ«ከውሰር» መሐል ያለችው ባለ ሦስት ነጥቧ ሳ የ«ማሰብ» መነሻ ናት። ይህን ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸውና ፊታቸውን ተመልከቱ። ስታሳዩዋቸው ግን ጥርት አድርጋችሁ የምትቀሩ ከሆነ ነው፤ እናንተም በ«ዘ» የምታልፉት ከሆነ መጀመሪያ እናንተ ወደ ተጅዊድ ተመለሱ።

ድምፁን ከማን እንቀበል? በልጅነታችን ከአሜሪካ ድምፅ በአጭር ሞገድ የሚተላለፍ ዝግታ ያለው የእንግሊዝኛ ፕሮግራም እናዳምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረና 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ የሚጠቀም ነበር። ለብዙዎቻችን እሱ ነበር ኡስታዛችን። ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫን መዝገበ ቃላት ሲነኩት ቃሉን ራሱ ይናገራል። ሆርንቢ የጀመረው ለተማሪ የሚሆነው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ከሚጫነው ክፍል በፊት ከላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋል፤ ያቺን ጭረት ልጁ ደብተሩ ላይ ይገልብጣት። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትም ትልቅ ባለውለታችን ነው። እሱን ገልጠን የመጀመሪያውን ፍቺ አይተን መክደናችን ግን የኛ ስንፍና ነበር።

ቀጥሎ የቃሉን ዘመዶች እንይ። «ዐሊመ» ያለ ደረሳ «ዓሊም»፣ «መዕሉም»፣ «ተዕሊም»፣ «ሙዐሊም» እያለ ከአንድ ሥር ቤት ይሠራል። እንግሊዝኛ ሥሩን ከውስጥ አይለዋውጥም፤ ከፊትና ከኋላ ይቀጥላል። ከፍ ካሉት ቃላት አብዛኞቹ ሥራቸው ላቲን ወይም ግሪክ ነው። ለምሳሌ «ስፔክት» ማየት ነው። «ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ ማየት፣ መመርመር ነው። «ሬትረስፔክት» ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ነው፤ «ሬ» ላይ ይጫናል። «ፕሮስፔክት» ከፊት የሚታይ ተስፋ ነው። «ፐርስፔክቲቭ» አንድን ነገር የምናይበት ማዕዘን ነው፤ «ስፔክ» ላይ ይጫናል። «ዲክት» ደግሞ መናገር ነው። «ፕሪዲክት» አስቀድሞ መናገር፣ «ኮንትራዲክት» ተቃርኖ መናገር፣ «ቨርዲክት» የፍርድ ቃል ናቸው።

ይህን ካወቅን በኋላ ነው ወደዚያ ደብዳቤ የተመለስነው። «ፕሮ» ወደፊት ነው፤ «ቪድ» ወይም «ቪዝ» ማየት ነው። «ፕረቫይድ» ማለት ወደፊት አይቶ ማዘጋጀት ነው። መንገደኛ ወደፊት የሚያስፈልገውን አይቶ ይሰንቃል፤ «ፕረቪዠን» ስንቅ የሆነው ለዚህ ነው። ቁርጡ እስኪመጣ ለጊዜው የሚዘጋጅ ነገር ደግሞ «ፕረቪዠነል» ተባለ። ስለዚህ ስንቅና ጊዜያዊ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እኛ አንዱን ጠርተን ሌላው መጣልን። «ከንቲንጀንት»ም ሥሩ መነካካት ነው፤ በቅጽልነት ከ«ኧፖን» ጋር ሲመጣ «በሌላ ነገር ላይ የተንጠለጠለ፣ ያ ካልሆነ የማይሆን» ማለት ነው። የጦሩ ክፍል ሌላ ትርጉሙ ነው።

ሥር ግን ሁልጊዜ አያደርስም። «ፕሪስክራይብ» ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ነው፤ «ፕሮስክራይብ» መከልከል ነው። ሁለቱም ከመጻፍ የመጡ ናቸው፤ የሁለተኛው ነገር፣ ሮማውያን ከሕግ ጥበቃ ውጪ ያደረጓቸውን ሰዎች ስም ጽፈው በአደባባይ ይለጥፉ ስለነበር ነው። በመነሻዋ ጥቂት ልዩነት ትእዛዝ ክልከላ ይሆናል።

ከዐረብኛ የሄዱትን ማንሳት ደግሞ ደስ ይላል። «አልጀብራ» የመጣው አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ከጻፉት መጽሐፍ ርዕስ ነው፤ ከስማቸውም «አልገሪዝም» ወጥቷል። «ኮተን» ቁጥን ነው። «ታሪፍ» ታክሲ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በእንግሊዝኛ ዛሬ በዋናነት የገቢ ዕቃ ቀረጥ ማለት ነው። «አልከሖል» እንኳ መነሻው አል-ኩሕል፣ ዓይን የምንኳለው ኩል ነው፤ መጀመሪያ የላመ ዱቄት፣ ቀጥሎ ተጣርቶ የወጣ ነገር፣ በመጨረሻ የሚያሰክረው ሆነ። ያነበባችሁት ይህ ገጽ ያለበት መጽሔትም በእንግሊዝኛ «ማገዚን» ይባላል፤ ከዐረብኛው መኽዘን የመጣ ነው። የኛው «መጋዘን»ም በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ የገባ ያው ቃል ነው።

ትርጉሙ ላይ ስንደርስ፣ ቃል ብቻውን አይኖርም። በአማርኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን። ወፍራሙን ወስዶ በእንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ይሳቅበታል፤ እነሱ «ስትሮንግ»፣ ጠንካራ ቡና ነው የሚሉት። እኛ ቀጠሮ «እንይዛለን»፤ እነሱ «ይሠራሉ»። «ፋብሪክ» ደግሞ ፋብሪካ አይደለም፤ ጨርቅ ነው። ፋብሪካን ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። ስለዚህ ልጁ ደብተሩ ላይ ቃሉን ከነጓደኛው፣ ቢቻል ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፈው።

አንዳንዱ ቃል ሁለት ፊት አለው። «ሳንክሸን» በዜና የለመድነው ማዕቀብ፣ ቅጣት ሆኖ ነው። በሌላ ቦታ ግን መፍቀድ፣ ማጽደቅ ማለት ነው። ምክር ቤቱ ዕቅዱን «ሳንክሸን» አደረገ ቢል አጸደቀ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ዙሪያው ነው። «ኣም-ቢ-ግዩ-ወስ» የሚለው ቃል ለዚህ ዓይነቱ አሻሚ ነገር የተሠራ ነው፤ «ቢ» ላይ ይጫናል። «ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር» የሚሉትም ብዙ ተማሪ ያምታታል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ግን ቀላል ናቸው። ወርቁን በሰሙ ውስጥ የሚደብቀው ተናጋሪ «ኢምፕላይ» ያደርጋል፤ ፈልቅቆ የሚያወጣው አድማጭ «ኢንፈር» ያደርጋል። ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ይጫናሉ።

ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን የሚፈርሙት ውል ብዙ ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። «ዲደክት» ካለ ከደመወዝ መቀነስ ነው። «ተርሚኔት» ካለ ውሉን ማቋረጥ ነው። «ዌቭ» የሚለውን በጆሮ የሰማ ማዕበል ይመስለዋል፤ በውል ላይ ሲጻፍ ግን አንድ ፊደል ይጨመርበታል፤ ትርጉሙም መብትን በገዛ ፈቃድ መተው ነው። ከመፈረም በፊት ይህቺን ቃል ፈልጉ፤ ካለች ደግሞ የትኛውን መብት እንደምትተዉ ጠይቁ።

የመጨረሻው ሙራጀዓ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተሸመደደ ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ሐፊዞች ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ላይትነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ለቤት የሚሆን ዘዴ አስተዋወቀ። የጫማ ካርቶን ውሰዱና በአምስት ክፈሉት። እያንዳንዱን ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛውን ከነጭረቱ፣ በጀርባው ፍቺውንና ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ። አዲስ ቃል አንደኛው ክፍል ይገባል፤ እሱ በየቀኑ ይጠየቃል። የተመለሰ ቃል ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሦስተኛው በሳምንት፣ እያለ ይራዘማል። የተሳተ ቃል ግን አራተኛ ክፍል ቢደርስም ወደ አንደኛው ይመለሳል። ልጆች ይህን ቅጣት ይወዱታል።

ጠያቂዋ እናት ብትሆን እንግሊዝኛ ባትችልም ምንም አይደል። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያ «ለኔ በሚገባኝ አማርኛ ንገረኝ» ትበለው። ያልገባውን ነገር ለእናቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ አላየንም። አንዲት እናት ልጃቸው «ሪላክተንት» የሚለውን ሲያስረዳቸው፣ «እንግዲህ አንተ ለፈጅር ስትነሣ ማለት ነው» ብለውታል። ልጁ ያንን ቃል መቼም የሚረሳው አይመስለንም።

የደብዳቤው ልጅ በዓመቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ አመለከተ። መልሱ በደረሰ ዕለት አባትየው እንደገና ይዘውት መጡና ወረቀቱን ዘረጉልን። በዚህ ጊዜ አልተቀበልናቸውም፤ «ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብልን» አልን። አነበበ። ጫናውን አንድ ሁለት ቦታ ሳተ እንጂ ደህና ሄደ። «ሰብጀክት ቱ» ከሚል ቦታ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ኡስታዝ፣ ሰብጀክት የትምህርት ዓይነት አይደል እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

አባትየው ወደኛ ተመለከቱ። እኛም መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አውርደን ለልጁ ሰጠነው። ገጹን ራሱ አገኘው፤ ከ«ቱ» ጋር ሲመጣ «ሌላ ነገር ከተሟላ ብቻ የሚጸና» ይላል። ልጁ ጣቱን ከመዝገበ ቃላቱ አንሥቶ በደብዳቤው ግርጌ ያለው ቀን ላይ አደረገና መቁጠር ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።